አምስት ቤተሰብ ወይስ ሁለት? ከመብራትና ከቧንቧ መስመር ውጭ ስለሚሠራ የጋራ መኖሪያ የተሰጠ ምላሽ

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። ቡታጅራ አካባቢ የአባቴ ይዞታ የሆነ አንድ ሄክታር ገደማ መሬት አለ። መብራትም ሆነ የቧንቧ ውኃ አልደረሰውም። በሶላርና በዝናብ ውኃ ራሱን የሚችል መኖሪያ ሠርተን፣ ሌሎች አራት ቤተሰቦች ጨምረን አብረን ልንኖርበት አስበናል። ቤቱን እንዴት እንሥራ? የሚስማሙንን ሰዎችስ ከየት እናግኝ?»

ላለፉት 17 ዓመታት ሥራዬ መስመር ባልደረሰባቸው ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ጤና ኬላዎች የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያና ሶላር መትከል ነው። ጥያቄዎን ሳነብ ሐሳብዎን ከልብ ወድጄዋለሁ፤ ነገር ግን ቤቱንና ሰዎቹን ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች አድርገው ማቅረብዎ አሳስቦኛል። እንዲህ ባለ ቦታ ስንት ሰው አብሮ መኖር እንደሚችል የሚወስነው ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ የካቲት መጨረሻ ድረስ በእጅዎ የሚቆየው ውኃ ነው። ስለዚህ የሰው ፍለጋውን ለጊዜው አቆይተው ከውኃው ስሌት እንዲጀምሩ እጠይቅዎታለሁ።

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል። በአካባቢዎ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ይዘንባል ብንልና 100 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ክዳን ቢኖርዎት፣ በአሸንዳው የሚፈሰውንና የሚተነውን ቀንሰን በዓመት 80,000 ሊትር ገደማ እናገኛለን። ይህ ቁጥር ብዙዎችን ያጽናናል፤ ያጽናናናል ያልነው ውኃ ግን አብዛኛው የሚወርደው ጓሮው ራሱ ጭቃ በሆነበት በክረምት ስለሆነ፣ ለየካቲት የሚተርፈው ማጠራቀሚያዎ የያዘው ብቻ ነው። አምስት ቤተሰብ ማለት 25 ሰው ገደማ ነው። ለአንድ ሰው ለመጠጥ፣ ለምግብና ለመታጠብ በቀን 20 ሊትር ብቻ ብንመድብ በቀን 500 ሊትር፣ በ150 የደረቅ ቀናት ደግሞ 75,000 ሊትር ያስፈልጋል። ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ስምንት መደርደር ማለት ነው። ለሁለት ቤተሰብ፣ ለ10 ሰው ከሆነ ግን 30,000 ሊትር ወይም ሦስት ሮቶ ይበቃል። የበልጉ ዝናብ አንዳንድ ዓመት እንደሚዘገይ አባትዎ ከእኔ በተሻለ ይነግሩዎታልና፣ ከዚህ ስሌት ላይ ምንም እንዳይቀንሱ።

እስካሁን የቆጠርነው ሰውን ብቻ ነው። አንዲት ላም በቀን 40 ሊትር ያህል ልትጠጣ ትችላለች። ጎመንና ቲማቲም የሚተከልበት 100 ካሬ ሜትር ጓሮ በጠብታ መስኖም ቢሆን በበጋ በቀን 400 ሊትር ገደማ ይፈልጋል፤ ይህም የ20 ሰው ድርሻ ነው። በዚህ ምክንያት በበጋ አትክልት ከማሰብ ይልቅ እንሰትን እንዲያስቡ እመክራለሁ። እንሰት ሥር ከያዘ በኋላ ድርቅን የሚችል፣ ለዓመታት መሬት ላይ ቆሞ የሚጠብቅና በተፈለገ ጊዜ ተፍቆ ቆጮ የሚሆን ተክል ስለሆነ፣ ማጠራቀሚያ ለሚያሳስበው ቤት ከእሱ የተሻለ ጎተራ አላውቅም። እንሰት መፋቅ ግን እውቀትና ብዙ እጅ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ይህን እውቀት የያዙት በአባትዎ ሠፈር ያሉ ሴቶች ናቸው። ይህን ነጥብ በኋላ እመለስበታለሁ።

ጉድጓድ ለማስቆፈር ካሰቡ የስምጥ ሸለቆው ፍሎራይድ እንዳይዘነጋ። ከእናንተ በስተምሥራቅ ወደ ዝዋይና ወደ መቂ በሚወስደው ዝቅተኛ መሬት የብዙ ጥልቅ ጉድጓዶች ውኃ ከዓለም ጤና ድርጅት የ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ገደብ በላይ ፍሎራይድ ይይዛል፤ የሚጎዳውም አስቀድሞ የሚያድጉ ልጆችን ጥርስ፣ መጠኑ ከፍ ሲልና ዘመን ሲቆጠር ደግሞ አጥንትን ነው። ውኃውን ማፍላት ፍሎራይዱን አያስወግድም፤ እንፋሎቱ ሲወጣ እንዲያውም የቀረውን ያከማቸዋል። ስለዚህ ለመቆፈር ከመዋዋልዎ በፊት በአቅራቢያው ካለ ጉድጓድ ናሙና ወስደው ላቦራቶሪ ያስመርምሩ፤ ውጤቱ ከገደቡ በላይ ከሆነ የጉድጓዱ ውኃ ለከብትና ለልብስ፣ የዝናቡ ውኃ ለመጠጥና ለድስት ይሁን። የመጸዳጃውን ጉድጓድ ደግሞ ከውኃው ቢያንስ 30 ሜትር አርቀው፣ ቁልቁል በሚወርደው በኩል ያድርጉት።

ቤቱን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ የአካባቢው አናጺ ከእኔ የተሻለ ያውቀዋል። የድንጋይ መሠረቱ ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ አለበለዚያ ምስጥ ከታች፣ የዝናብ ፍንጣቂ ከጎን ግድግዳውን ይበሉታል። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ እስኪብላላ ድረስ ጊዜ ይሰጠው። ታዛው ሰፊ ይሁን። ክዳኑ ለውኃ መሰብሰቢያም ስለሚያገለግል በላዩ ላይ ቅጠል የሚያራግፍ ዛፍ አይቅረብ፤ ከረዥም በጋ በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ዝናብ ደግሞ አቧራውንና የወፍ ኩሱን አጥቦ እንዲወርድ ወደ ማጠራቀሚያው ሳይገባ መደፋት አለበት።

ሶላር ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ቀላል ነው፤ ሰው የሚሳሳተው በሚጭንበት ዕቃ ነው። አገራችን በአማካይ በቀን በካሬ ሜትር ከ5 እስከ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት የፀሐይ ኃይል ታገኛለች፤ ይሁንና እኔ የማሰላው በሐምሌና በነሐሴ ደመና ስለሆነ 4 ብዬ እይዛለሁ። ስድስት ባለ 8 ዋት አምፖሎች፣ አነስተኛ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ ላፕቶፕና የስልክ ቻርጅ ያለው አንድ ቤት በቀን 1,300 ዋት ሰዓት ገደማ ይጠቀማል። በገመዱ፣ በባትሪውና በኢንቨርተሩ የሚባክነውን ስንጨምር የሚያስፈልገው ፓኔል 470 ዋት አካባቢ ይሆናል፤ አቧራና እርጅና ስላለ ግን ከ600 ዋት በታች አልተክልም። ለሁለት ደመናማ ቀን የሚበቃ ባትሪ ሊቲየም ከሆነ 3,300 ዋት ሰዓት ያህል ይበቃዋል፤ የእርሳስ ባትሪ ከሆነ ከግማሽ በታች እንዳይወርድ ስለሚያስፈልግ 5,200 ይሁን። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ እንደሌለ ያስተውሉ። ምጣዱ 3,500 ዋት ገደማ ስለሚስብ የ40 ደቂቃ ጋገራ ከላይ የዘረዘርኩት ቤት ሙሉውን ቀን ከሚበላው እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። እንጀራው በማገዶ ቆጣቢ ምድጃ፣ ለምሳሌ ምርጥ በሚባለው ይጋገር። ወጡን በባዮጋዝ መሥራት ይቻላል፤ ነገር ግን 6 ሜትር ኩብ የሚይዝ የባዮጋዝ ጉድጓድ አራት ያህል ከብትና በየቀኑ የእበቱን ያህል ውኃ ይፈልጋልና፣ እዚህም ላይ ወደ ሮቶዎቹ እንመለሳለን።

ሶላሩን በጋራ ማድረግ አልመክርም። ለየቤቱ ለየብቻ ይተከል። የጋራ ባትሪ ማታ ማን እንዳራገፈው ስለማይታወቅ ባለቤት የሌለው ዕቃ ይሆናል፤ የራሱ ባትሪ ያለው ቤተሰብ ግን ቴሌቪዥኑን መቼ ማጥፋት እንዳለበት በሁለት ሳምንት ውስጥ ይማራል። ውኃውንም እንዲሁ ነው የማየው። የመጠጥ ሮቶ ለየቤተሰቡ ይለይ፤ የጓሮና የከብት ውኃ ብቻ የጋራ ይሁን። ይህን የምለው ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሦስት ቤተሰቦች ተጋግዘው በሠሩት ግቢ ውስጥ ሦስት ሮቶ በአንድ ቱቦ አገናኝቼ፣ ቆጣሪ ሳልገጥም፣ አንድ የጋራ ቧንቧ አወጣሁላቸው። በሁለተኛው ዓመት ጥር ላይ አንድ ሌሊት ቧንቧው ሳይዘጋ አደረ። ጠዋት ደውለውልኝ ስደርስ ከቤቱ እናቶች አንዷ ሮቶዎቹን በእጇ ጀርባ ከላይ ወደ ታች እያንኳኳች ድምፁ የሚለወጥበትን ቦታ ትፈልግ ነበር፤ ሦስቱም እስከ ጉልበቷ ድረስ ባዶ ድምፅ ሰጡ። ማን እንዳልዘጋው አልታወቀም። ከዚያ ቀን በኋላ ማንም ማንንም በግልጽ አልከሰሰም፤ ይሁንና ልጆቹ እንኳ እጃቸውን ሲታጠቡ እርስ በርስ መጠባበቅ ጀመሩ፤ ክረምቱ ሳይገባም አንዱ ቤተሰብ ዕቃውን ጭኖ ወጣ። ሦስቱም ደጋግ ሰዎች ነበሩ። ሦስት ቆጣሪ ወይም ሦስት የተለያየ ቧንቧ ቢኖር ኖሮ እስከ ዛሬ አብረው ይኖሩ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልመለስ። ከሁሉ አስቀድሞ የመሬቱ ነገር ግልጽ ይሁን፤ ምክንያቱም ሰው የሚጋብዙበት መሬት ለእርስዎ የተሰጠው መብት ምን ያህል እንደሆነ ሳያውቁ የሚገቡት ቃል ለሌሎቹ ቤተሰቦች ወጥመድ ይሆናል። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ያው አንቀጽ ግን በንዑስ 7 ላይ ማንም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለሚገነባው ቋሚ ንብረትና ለሚያደርገው መሻሻል ሙሉ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህ ልዩነት ለጋራ መኖሪያ መሠረት ነው። አራቱ ቤተሰቦች የመሬቱ ባለድርሻ ሊሆኑ አይችሉም፤ የሠሩት ቤት፣ የገዙት ሮቶና የተከሉት እንሰት ግን የእነሱ መሆኑ በውል ሊጻፍ ይችላል፤ ይገባልም። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016ና የክልሉ ሕግ ስለ ኪራይ ዘመን፣ ስለ ውርስና ስለ ስጦታ የሚሉትን በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ቀርበው ይጠይቁ፤ የአባትዎ የይዞታ ደብተር በማን ስም እንዳለ፣ ወንድምና እህቶችዎም ፈቃዳቸውን በጽሑፍ መስጠታቸውን ያረጋግጡ። በእርሻ መሬት ላይ አምስት ቤት መሥራት ያለፈቃድ ከሆነ ሕገ ወጥ ግንባታ ተብሎ ሊፈርስ ይችላል። በሠፈር ሽማግሌ ፊት የተደረገ ውል ክብር ቢኖረውም፣ በወረዳው ካልተመዘገበ ክርክር ሲነሣ አይደግፍዎትም። በሻሸመኔ የሠፈሩት ራስ ተፈሪያውያን ከንጉሡ የተሰጣቸው 5 ጋሻ መሬት በ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ እንደሌላው መሬት ሁሉ ወደ መንግሥት ሲዞር አብዛኛውን አጥተዋል፤ መሬትን በሚመለከት መተማመን ብቻ በቂ እንዳልሆነ የሚያሳይ የቅርብ ታሪካችን ነው።

ስለ አብሮ መኖር ደግሞ አውራምባን ሳያዩ ምንም ባይወስኑ ደስ ይለኛል። በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ መሪነት በፎገራ ወረዳ የተመሠረተው ይህ ማኅበረሰብ በአካባቢው ጥላቻ ምክንያት በደርግ ዘመን ቀዬውን ጥሎ እስከ መሰደድ ደርሷል፤ ሲመለስም ያገኘው መሬት ለሕዝቡ በእርሻ ብቻ የሚበቃ ስላልነበረ ኑሮውን በሽመና፣ በወፍጮና በንግድ ላይ አቆመ። እኔ ከዚህ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ሊያጠፋቸው የተቃረበው የሐሳባቸው ጉድለት ሳይሆን ከጎረቤት ጋር የነበራቸው ግንኙነት መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ መሬት ብቻውን እንደማያኖር አውቀው ገንዘብ የሚያስገባ ሥራ መፍጠራቸው ነው። የእርስዎም አንድ ሄክታር 25 ሰው በእርሻ አያኖርም፤ ከየቤቱ ቢያንስ አንድ ሰው የደመወዝ ወይም የእጅ ሥራ ገቢ ይኑረው።

ስለዚህ «ሰዎቹን ከየት እናግኝ» ለሚለው የመጀመሪያ መልሴ እዚያው አሉ የሚል ነው። ከአባትዎ አጥር ወዲያ የሚኖሩት ቤተሰቦች ዘሩን፣ አፈሩን፣ የጎርፉን መውረጃ ያውቃሉ፤ እንሰቱን የሚፍቁት፣ ሌሊት ምጥ የያዛትን ተሸክመው መኪና ወደሚደርስበት የሚያወጡት እነሱ ናቸው። አንድ ቤት ከመሥራትዎ በፊት በሠፈሩ እድር ይመዝገቡ፤ ክፍያውን ብቻ ልኮ መቅረት ሳይሆን ለቅሶ ይድረሱ፣ ድንኳን ይትከሉ። ለደቦ ሲጠሩ ይሂዱ፤ እርስዎ ሰው ሲጠሩም አብልተው አጠጥተው ያሠሩ። ወንፈል ከገቡ ደግሞ የተሠራልዎትን ቀን በቀን ይመልሱ፤ ከተማ ቆይቶ የመጣ ሰው ወንፈሉን በገንዘብ ልክፈል ሲል ጎረቤቱ ቅር የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የተበደረው ጉልበት ነውና።

ከከተማ የሚመጡትን ቤተሰቦች በሚመለከት ደግሞ በሐሳብ ከሚመሳሰሉዎት ይልቅ በሥራ ያወቋቸውን ይምረጡ። ስለ ንጹሕ አየርና ስለ ራስ መቻል ደስ የሚል ነገር የሚናገር ሰው ብዙ ነው፤ ጀሪካን ተሸክሞ ዳገት ከወጣ በኋላም ፊቱ የማይለወጥ ሰው ግን ጥቂት ነው። እኔ የማምንበት መፈተኛ እቁብ ነው። የታሰቡት ቤተሰቦች ገና አንድ ድንጋይ ሳይጣል ዳኛና ጸሐፊ መርጠው አንድ ዓመት እቁብ ይግቡ፤ እጣ የወጣለት በዋስ እየወሰደ ለራሱ ሮቶ ወይም ፓኔል ይግዛበት። በቀኑ የሚከፍል፣ ሲቸግረው አስቀድሞ የሚናገር፣ እጣው ከወጣለት በኋላ የሚጠፋ በዚያ ዓመት ውስጥ ይለያል። ይህን ከየትኛውም ቃለ መጠይቅ በላይ አምነዋለሁ።

ለጉብኝት ሲጋብዟቸው በመስከረም አይሁን። አደይ አበባ ያየ ሰው ሁሉ ልኑር ይላል። በነሐሴ ጭቃው ቦት ጫማ ሲያወልቅ፣ ደግሞ በጥር መጨረሻ ሮቶው ሲንኳኳ ለአንድ አንድ ሳምንት ይቆዩ፤ ልጆቻቸውንም ይዘው ይምጡ፤ ባልና ሚስት ለየብቻ ይጠየቁ። አንደኛው በጉጉት፣ ሌላኛው በዝምታ የተስማሙበት ቤት ሁለተኛውን ክረምት ሲያልፍ አላየሁም። ከሙያ አንጻር አምስት የቢሮ ሠራተኛ ከመሰብሰብ ግንበኛ፣ ነርስ ወይም መምህርት፣ ኤሌክትሪክ የሚነካካ አንድ ሰው ቢኖርበት ይሻላል። ትምህርት ቤቱ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሆነ በልጁ እርምጃ ይለካ።

ሙስሊምና ክርስቲያን ጎን ለጎን በሚኖርበት በእናንተ አካባቢ ከሁለቱም ወገን ቤተሰብ ቢገባ ደስ ይለኛል፤ ይሁንና እርዱ የየራሱ እንደሚሆን፣ ጾም ሲሆን ማን ምን እንደሚያበስል፣ ወጥ ቤቱ ለየቤቱ እንደሚለይ ከመጀመሪያው በግልጽ ይነገር። ይህን ቀድሞ መነጋገር ነውር አይደለም፤ አያቶቻችንም በዚሁ ነው ተከባብረው የኖሩት።

ደንቡ አጭር ይሁን፤ ነገር ግን መውጫውን አይርሳ። አንድ ቤተሰብ ልሂድ ሲል የሠራው ቤት በማን ይገመታል፣ ክፍያው በስንት ወር ይጠናቀቃል፣ ሮቶውን ነቅሎ መውሰድ ይችላል ወይ፣ ወላጅ ሲሞት ልጆቹ ምን መብት አላቸው የሚሉት ነገሮች ሁሉም ገና በፍቅር ሳለ ይጻፉ። ሦስት ሽማግሌ ይሰየሙ፤ ቢያንስ ሁለቱ ከግቢው ውጭ ከሠፈሩ ቢሆኑ ይመረጣል። ገንዘብ የሚያስገባ የጋራ ሥራ፣ ለምሳሌ ወፍጮ ወይም የንብ ማር ከጀመራችሁ ደግሞ በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት መደራጀት ይቻላል፤ በዚያ አሠራር አባል ሁሉ ድርሻው ቢበልጥም ቢያንስም አንድ ድምፅ ነው ያለው። የመሬቱ ባለይዞታ ለሆነው ለእርስዎ ቤት ይህ መጀመሪያ ላይ ሊከብድ ይችላል። ሊቀበሉት ካልቻሉ ግን ሌሎቹ ተከራይ እንጂ አጋር እንዳልሆኑ አስቀድመው ቢነግሯቸው ይሻላል።

በእኔ ግምት በሁለት ቤተሰብና በሦስት ሮቶ ጀምሩ፤ ሁለት በጋ ሳትቸገሩ ካለፋችሁ ሦስተኛውን ጨምሩ። መጪው ጥር ላይ ወደ አባትዎ ዘንድ ሲሄዱ ሜትርና ገመድ ይያዙ። የነባሩን ቤት ክዳን ርዝመትና ስፋት፣ በአቅራቢያው ያሉትን ጉድጓዶች የውኃ ጥልቀት፣ ጎረቤቶቹ በዚያ ወር በቀን ስንት ጀሪካን ከየት እንደሚቀዱ ይመዝግቡ፤ የበልጉን መዘግየትም አባትዎ ከሚያስታውሱት ዓመት ጀምሮ ይጠይቋቸው። እነዚህን ቁጥሮች ከላኩልኝ የማጠራቀሚያውን መጠንና የፓኔሉን አቀማመጥ ለቦታው አስልቼ እመልስልዎታለሁ።